የሞተርን ኃይል ለጎማ ስለ ማድረስ

በሥራ ቀን በመንገድ፥ በዕረፍት ቀን በእሽቅድምድም ሜዳ የምትነዱትን መኪና ለማሻሻል ስታስቡ፥ ከሞተሩ አስቀድማችሁ ዲፈረንሻሉን ተመልከቱ። በመታጠፊያ ላይ የውስጠኛው ጎማ ሸክም ስለሚቀል፥ ተራው ዲፈረንሻል ኃይሉን በከንቱ ያሽከረክረዋል፤ መንሸራተትን የሚገታው ግን መሬት ለጨበጠው ጎማ ያደርሰዋል።

ከዚህም ዓይነት በጥርስ የሚሠራው ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ይሰንፋል። ባለ ፍሪሲዮኑ ያን ጊዜም ይሠራል፤ ሆኖም ዲስኮቹ ያልቃሉ፥ ዘይቱም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።

የዲፈረንሻሉን የጥርስ ምጣኔ ከ3.9 ወደ 4.3 መለወጥ የጎማውን ጉልበት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ዳሩ ግን በአውራ ጎዳና በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር በዚያው ፍጥነት 3,300 ያህል ይዞራል።

እንግዲህ በሜዳ ከምታሳልፉት ሰዓት በመንገድ የምታሳልፉት ቀን ይበልጣልና፥ ምጣኔውን ሳትነኩ ባለ ጥርሱን ምረጡ።