የፊዚክስ ዲግሪ ዕዳና ገቢ፦ «ያዋጣዋል ወይ?» ለሚል ጥያቄ የቀረበ ስሌት



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ስለ ፊዚክስ ሊናገር የቆመ ሰው ከአካባቢው ስም ቢጀምር አይፈረድበትም። «ንፋስ ስልክ» ሽቦ አልባ ስልክ፣ ማለትም ሬዲዮ ማለት ነው። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ የፊዚክስ ምዕራፍ ነው። የዛሬው ርዕሴ ግን ሞገድ ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ ያመጣብኝም አንድ የጀሞ ጎረቤቴ ናቸው። «መምህር፣ ልጄ ፊዚክስ ደርሶታል፤ ያዋጣዋል ወይ?» አሉኝ። «መርጧል» አላሉም፤ «ደርሶታል» ነው ያሉት። በአገራችን የትምህርት ክፍል እንደ ዕጣ ይደርሳል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል፣ ብዙዎች ፊዚክስን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው።

ሃያ ዓመት ያህል «ፊዚክስ የማይከፍተው በር የለም» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ለጎረቤቴ ግን ይህን መልስ መስጠት አፈርሁ፤ ቁጥር ፈለግሁ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ እንዲሁም ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ይደነግጋል። በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የምንለው ይህ ነው። ክፍያው ከምረቃ በኋላ፣ ተቀጣሪው ገቢ ሲያገኝ፣ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ይፈጸማል። ሐሳቡ ከአውስትራሊያ ሥርዓት ጋር ይቀራረባል፦ ገቢ የሌለው አይከፍልም። በዚህ ረገድ የእኛ ተመራቂ፣ ሥራ ኖረውም አልኖረውም ወለድ ከሚቆጠርበት የሌላ አገር ተበዳሪ ይሻላል። ዕዳው በብር ተቆርጦ የተጻፈ በመሆኑም የዋጋ ንረት ለባለዕዳው ያደላል። እኔ ውሉን ሳላነብ ከፈረሙት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ያን ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ ድምር ዛሬ ከአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ያንሳል።

ከዚህ ተነሥተን «ዕዳው ቀላል ነው» ለማለት እንቸኩላለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገሩን የለወጠው የምግብ በጀት ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። በ22 ብር አንድ ወጣት ቀርቶ አንዲት ድመትም አትጠግብምና ጭማሪው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ደንቡ የምግቡን ሙሉ ወጪ በተማሪው ላይ ስለሚጥል፣ ያ ጭማሪ የዕዳ ጭማሪም ነው። በዓመት 300 ቀን ብንወስድ፣ የአራት ዓመት ምግብ በቀድሞው ተመን 26,400 ብር፣ በአዲሱ 120,000 ብር ይሆናል። መኝታና የማስተማሪያ ድርሻ ገና አልተደመረም።

አሁን ገቢውን እንይ። ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ የመነሻ ደመወዝ በመንግሥት ሥራ 11,500 ብር ሆኗል። በ2017 በተሻሻለው ሕግ የሥራ ግብሩ 2,100 ብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 805 ብር፣ የወጪ መጋራቱ 10 በመቶ 1,150 ብር ነው። እጁ የሚገባው 7,445 ብር ነው። የጀሞ ወይም የለቡ ኮንዶሚኒየም ኪራይ ከዚህ ምን ያህሉን እንደሚወስድ እዚህ ላላችሁት መንገር አይገባኝም። በወር 1,150 ብር እየተቆረጠ የቀድሞው የምግብ ዕዳ በሁለት ዓመት ገደማ ያልቅ ነበር። አዲሱ፣ ደመወዙ ባለበት ቢቆይ፣ 104 ወር ያህል ይፈልጋል፤ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። ደመወዝ ሲያድግ ይህ ያጥራል፤ ስንት እንደሚያድግ ግን ሲፈርም የሚያውቅ የለም።

ይህ ስሌት ለሒሳብ አያያዝም ለታሪክም ተመራቂ አንድ ነው። ፊዚክስን የሚለየው ገቢው የሚመጣበት መንገድ ነው። ደንቡ ለመምህርነት የሠለጠኑት በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ መንገድ ከፍቷል፤ የፊዚክስ ምሩቅ ትልቁ ቀጣሪም ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ውጭ ያሉት በሮች፣ ማለትም የሥነ ልክ ሥራ፣ ሜትሮሎጂ፣ የጨረር መከላከያ፣ በሆስፒታል የካንሰር ጨረር ሕክምና ክፍል የሚሠራ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያነት፣ እውነተኛ በሮች ናቸው፤ ግን ጠባቦች ናቸው፤ ለሕክምና ፊዚክስ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዲግሪ ብቻውን ብዙ ጊዜ ደጃፍ ላይ ያደርሳል እንጂ አያስገባም። «የማይከፍተው በር የለም» ስል ይህን አልነገርኋችሁም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ላንሳ። ከምረቃ በኋላ ቤት ለቤት ማስጠናት ጀመረ፤ ለቡና መካኒሳ እየዞረ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሜካኒክስ ያስጠናል። በደህና ወር ከመንግሥት ጀማሪ ደመወዝ የበለጠ ያገኛል። ነገር ግን ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ የሚገባ ነው፤ ከደመወዙ የሚቆርጥለት ቀጣሪ ስለሌለው ዕዳው ባለበት ቆመ። ዕዳው ካልተከፈለ ኦርጅናል ዲግሪው አይሰጠውም። በውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያመለክት ሲነሣ በእጁ የነበረው ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ነበር። ድምሩን በአንድ ጊዜ ለመክፈል ሲያጠራቅም የማመልከቻው ጊዜ አለፈ። ዕዳው እንደ ገንዘብ አልከበደውም፤ የከበደው በተሳሳተ ሰዓት በሩ ላይ መቆሙ ነው።

ለጎረቤቴ የሰጠሁት መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ልጁ ውሉን ቁጭ ብሎ ያንብብ፤ በየዓመቱ የሚጻፍበትን ድምር በደብተሩ ይያዝ። በመጀመሪያው ዓመት ፕሮግራም መጻፍና የመረጃ ትንተና ይጀምር፤ የሦስተኛ ዓመት ላቦራቶሪን እንደ ነጥብ ማሟያ አይየው። መምህርነትን ከፈለገ በአገልግሎት የመክፈሉን ነገር ከመመረቁ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። የማስጠናት ገቢ ካገኘ ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ ለኦርጅናሉ የሚሆን ይለይ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ይህን ሁሉ ለመሆኑ ሲፈርም ማን ይነግረዋል?» አሉኝ። በእኛ የትምህርት ክፍል የሚነግር እንደሌለ ነገርኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ሳምንት፣ ከፊርማው በፊት፣ ለዚህ ስሌት አንድ ሰዓት እንዲሰጠኝ ለትምህርት ክፍሉ ጥያቄ አቅርቤአለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልደረሰኝም።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።