ወደ ምክር አገልግሎት ስትሄጂ ምን ትጠብቂያለሽ?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር በቁጠባ ቀናችን ቡና እየጠጣን ሳለ ከመካከላችን አንዷ ጠጋ አለችኝና፣ «እትዬ፣ እዚያ የሚመክሩበት ክፍል ብመጣ ምን ይሉኛል? ይጸልዩልኛል ወይስ ሐኪም ቤት ይልኩኛል?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የእርሷ ብቻ አልመሰለኝም። ስለዚህ ዛሬ በሁላችን ፊት ልመልሰው ተነሣሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በሙያዬ ነርስ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የምክር አገልግሎት ሥልጠና ወስጄ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ሰው እቀበላለሁ። ስለ አገልግሎቱ መልካምነት ከመናገሬ በፊት ግን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ2006 ዓ.ም ከሳውዲ ዓረቢያ የተመለሱትን ወገኖቻችንን ታስታውሳላችሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በየቀኑ ፌስታልና ብርድ ልብስ ይዘው በሚወርዱ ልጆች ተሞልቶ ነበር። ከእነዚያ አንዷ ከዓመታት በኋላ ወደ እኔ ክፍል መጣች። ስሟን አልጠራም። ታሪኳንም የምነግራችሁ እርሷ ፈቅዳልኝ ነው።

«እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት በሩ የተንኳኳ ይመስለኛል። ልጄን ሳቅፋት እንኳ ምንም አይሰማኝም» አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? ጸሎት እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ጸሎትሽን አጠንክሪ፣ የበደሉሽን ይቅር በይ፣ ያለፈውን እርሺው አልኳት። ከዚያም ጸልዬላት ሸኘኋት። ትኩሳት ሳይለካ መድኃኒት የማይሰጥበት ሙያ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው፣ እንቅልፍ ካጣች ስንት ጊዜ እንደሆናት እንኳ አልጠየቅኳትም። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ «እትዬ፣ ጸሎትማ ባልጸልይ ኖሮ እስከ ዛሬ በሕይወት አልቆይም ነበር» አለችኝና ወጣች። አምስት ወር ሙሉ አልተመለሰችም።

በዚያን ጊዜ ውስጥ ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ሐና ነው። ልጅ አጥታ ልቧ የተሰበረው ሐና በመቅደስ ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ አያት። የሰከረች መስሎት ገሠጻት። ዔሊ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ቸኩሎ ነው። ሐና ግን ኀዘኗን አስረዳችው። እርሱም ሰማት፣ ሐሳቡን ለወጠ፣ በሰላም ሸኛት። እርሷም ቀለል ብሏት ሄዳ እህል ቀመሰች። እንግዲህ በሃይማኖት ስም የምንመክር ሁሉ አንድ ጊዜ ዔሊን መሆናችን አይቀርም። ልዩነቱ ከተሳሳትን በኋላ እንሰማለን ወይስ አንሰማም የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጥሩ የምክር አገልግሎት ስትሄጂ የሚጠብቅሽ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከምክሩ በፊት ጥያቄ ይቀድማል። በመጀመሪያው ቀን ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ምግብሽ፣ ስለ ቤትሽ፣ ስለ ልጆችሽ፣ ስለምትወስጂው መድኃኒት ትጠየቂያለሽ። ራስን ስለ ማጥፋት አስበሽ እንደ ሆነም በግልጽ ትጠየቂያለሽ። አትደንግጪ። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻሽን የተሸከምሽውን ያቀልልሻል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ይሰጥሻል። አንድ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በአንድ ቀን አያልቅም። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣሽ ለጥቂት ወራት ሊቀጥል ይችላል። በመካከሉም ትንሽ የቤት ሥራ ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ፣ የሚያስጨንቅሽን በደብተር መጻፍ፣ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት። ቀላል ይመስላል። ድባቴ ለያዘው ሰው ግን ከአልጋ መነሣትም ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስጢርሽ ይጠበቃል። አማካሪሽ የነገርሽውን ለባልሽም፣ ለአገልጋዮችም፣ ለዕድር ጓደኛሽም አይናገርም። ያለ ፈቃድሽም ታሪክሽ በመድረክ ምስክርነት ሊሆን አይገባም። ወሰኑም ከመጀመሪያው ይነገርሻል፤ ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ዝም አይባልም።

አራተኛ፣ ጸሎት በፈቃድሽ ነው። «አብረን ብንጸልይ ትፈልጊያለሽ?» ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። ዛሬ አልፈልግም ማለት ትችያለሽ፤ በዚህ የሚቀየም አማካሪ ሥራውን አላወቀም። በመካከላችን የንስሐ አባት ያላቸው አሉ፣ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሉ፣ ሙስሊም እህቶቻችንም አሉ። ማንም ለመረዳት ሲል እምነቱን እንዲቀይር አይጠየቅም።

አምስተኛ፣ አማካሪሽ የአቅሙን ልክ ይነግርሻል። የንስሐ አባት አለ፣ የምክር አገልግሎት ሰጪ አለ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፣ መድኃኒት የሚያዝ የአእምሮ ሐኪም አለ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ኀዘኑና ድካሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ዕለት ዕለት ከቆየ፣ ሥራና ምግብ ካስተወ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ወላድ እናት ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ካሰበች፣ እኔ እጇን ይዤ ወደ ሐኪም መሄድ አለብኝ። ለብቻዬ ልያዛት ካልኩ በሕይወቷ እየተጫወትኩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀውን ላንሣ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው ወይ? ወንጌልን ከጻፉት አንዱ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበር እናውቃለን። ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው ስብከት አልነበረም፤ እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ እንዲተኛም ተወው፣ ደግሞም ቀስቅሶ መገበው። የእግዚአብሔር ንግግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በአገራችንም መንገዱ ተጀምሯል። በአዲስ አበባ በአንድ የጸበል ስፍራ የሃይማኖት አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕመምተኞችን አብረው ሲረዱ ቆይተዋል። ልምዱም እ.ኤ.አ. በ2021 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። ጸበሉም አልቀረ፣ ኪኒኑም አልቀረ። ጸበል የምትሄዱ እህቶች አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። ጸበል ጠጥታችሁ የሚያስታውካችሁ ከሆነ የዋጣችሁት መድኃኒት አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሰዓቱን እንዴት እንደምታለያዩት ሐኪማችሁን ጠይቁ። በጾም ወቅትም እንዲሁ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ያመጣዋል፤ አንዳንዴም አብሶ።

ሐኪሙ የት ነው ለምትሉኝ፣ የቀድሞ ሰው የሚያውቀው አማኑኤልን ነው። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ስለ ነበር «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ እስኪመስል ድረስ ስሙ ተጎዳ። እንደ እኛ ከአያት፣ ከጎሮ ወይም ከሰሚት ለሚነሣ ሰው ደግሞ መርካቶ አካባቢ መድረስ ራሱ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በእኛ አቅጣጫ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ማዕከል ሆኖ ስሙ ቢታወቅም የአእምሮ ሕክምናም የሚሰጥ ሆስፒታል ነው። ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከሁሉ በፊት ግን በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ ወደሚቀጥለው የሚልካችሁ እርሱ ነው።

እንዲሁ ደግሞ ተነሥታችሁ መውጣት ያለባችሁ ቦታ አለ። መድኃኒትሽን ጣዪ ካለሽ ውጪ። ሕመምተኛ የሚታሰርበት ወይም የሚመታበት ከሆነ ውጪ፤ ሕመምተኛውንም ይዘሽ ውጪ። ለጸሎት ዋጋ ከተጠየቅሽ ውጪ። ባልሽ እየደበደበሽ መሆኑን ነግረሽው «ቻዪው፣ መስቀልሽ ነው» ብሎ ወደዚያው ቤት ከመለሰሽ ውጪ። መቻል መልካም ነው፤ መደብደብን መቻል ግን ምክር አይደለም።

ከመቀመጥሽም በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቂ። ምን ሥልጠና አለዎት? የነገርኩዎትን ማን ይሰማዋል? ከአቅምዎ በላይ ሲሆን ወዴት ይልኩኛል? እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ፊት ሆድሽን አትክፈቺ።

ያቺ እህትስ ምን ሆነች? ከአምስት ወር በኋላ ለቅሶ ደራሽ ሄጄ ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። ከስታለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ያን ቀን ሳልጠይቅሽ መከርኩሽ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ስታይ ቆየችና፣ «አሁንስ ቢመጣ ይጠይቁኛል?» አለችኝ። «እጠይቅሻለሁ» አልኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት መጣች። ያን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው ያልኩት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ የተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ ያበላሹት ንግግር ሲጀምሩ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ በሰው አገር የደረሰባትን ነገረችኝ። ከእኔ አቅም በላይ መሆኑን ነግሬያት አብረን ታክሲ ይዘን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝላት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ ነገራት። በሁለተኛው ሳምንት «አፌን ከማድረቅ በቀር ምንም አልሠራልኝም» ብላ ልትተወው ስትል ደውላ ነገረችኝ። ወደ ሐኪሙ ተመለስን፤ አስተካከለላት። በእኔ ክፍል ደግሞ ምክሩ ቀጠለ፤ ጸሎቱም እርሷ በፈለገች ቀን።

ዛሬ ፈጽማ ድናለች አልላችሁም። መለስ ብሎ የሚመጣባት ሌሊት አለ። ግን ትተኛለች፣ ትሠራለች፣ ልጇም ስትስቅ አብራ ትስቃለች። ዛሬ እዚህ ተቀምጣ እንደ ሆነና እንዳልሆነ አትጠይቁኝ፤ ያ የእርሷ ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ሰው ወደ ሕክምና የሚያደርሰው ትልቅ ነገር ብቻ አይደለም። የታክሲ ሂሳብ ነው። በወር መጨረሻ የሚያልቅ የመድኃኒት ዋጋ ነው። እናቲቱ ቀጠሮ ስትሄድ ልጇን የሚይዝላት ሰው ነው። እኛን መካሪዎቹንም በየጊዜው ቁጭ ብሎ የሚያርመን ባለሙያ ነው፤ እንደ እኔ ያለውን ዔሊ የሚያርም ያስፈልጋልና። የምትሰጡን ገንዘብ ለእነዚህ ይውል ዘንድ ለማኅበራችን አመራር ሐሳቤን አቀርባለሁ።

ለአባላት ደግሞ፣ ጎረቤታችሁ በር ዘግታ ከከረመች በጸሎቷ አትመዝኗት። አንኳኩ፤ «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው ስሙ። ቡና ላይ ለጠየቀችኝ እህቴም መልሴ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ እጠይቅሻለሁ።