እንዶድ ለኪስ ያዋጣል?

እሷ፦ ጎረቤላ ከተማ ላይ የዱቄት ሳሙና ዋጋ የከበደው ሰው ሳሙናዬን ቤቴ ልሥራ ካለ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኮስቲክ ሶዳ ከመግዛቱ በፊት እንዶድን ያስብ እላለሁ። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ጋቢና ነጠላ ሲነጣ የኖረውም በዚሁ ነው።

እሱ፦ ገንዘብ ባይወጣበትም በነፃ ነው ማለት ግን ይከብደኛል። ለቀማውና ውቀጣው የማን ጉልበት ነው? የሴቶች! ደግሞስ መርዝ አይደለም? ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት እኮ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነው።

እሷ፦ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች መግደሉማ ትልቅ ግኝት ሆነ። ዓሣም ስለሚገድል ግን እጥበቱ በሳፋ ይሁን፣ እጣቢው ወንዝ አይግባ፤ ልጆችም ፍሬውን አይቅመሱ። በጉልበቱ ነገር ልክ ነህ፤ ለነጭ የሀገር ልብስ እንጂ ለየዕለቱ እጥበት አልመክረውም።