ከኪስዋሂሊ የተዋስኳቸው ቃላት

(በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

ከኋላ ቆማችሁ የምታዳምጡ የዛሬ ተማሪዎች፤ ኑ ወደ ፊት፣ ወንበር አለ። የመጀመሪያው ረድፍ በእኛም ጊዜ ባዶ ነበር።

አዘጋጆቹ ስለ ወጣቶችና ስለ መሪነት እንድናገር ሲጠይቁኝ እንደ ሞያ አዋቂ የምናገረው ነገር እንደሌለኝ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ የመሪነት መምህር አይደለሁም። ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎች ጋር በሚያደርገው ውይይት ከሦስት ዓመት ወዲህ ገብቼ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ስለሆነው ነገር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ ያህል ተማሪዎች መጡ። እንደ መግቢያ ይሆነኝ ብዬ "ሹመት ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ ከኋላ ረድፍ አንድ የምህንድስና ተማሪ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ሳይታይ፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ያ ሳቅ አላስተኛኝም። ልጁ የተናገረው ክፉ ምክር አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እኛ ስለ ቅንነት፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ አገልጋይነት ስንናገር እነዚህ ልጆች ቃላቱን ከሬዲዮና ከስብሰባ አዳራሽ ሺህ ጊዜ ሰምተዋቸዋል። የምንናገረው ያልቃል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ፣ ምሳሌው ግን እንዳለ ይቀመጣል። ሌላ በር ያስፈልገኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም መግቢያ ሳልሰጥ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጻፍሁ፦ "ቼዎ ኒ ዳማና"። ኪስዋሂሊ ነው።

ቃላቱን ከየት እንዳመጣኋቸው ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከዚህ በ1988 ዓ.ም. ከተመረቅን በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ዳሬሰላም ሄጄ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ኮረብታ ላይ ስለሆነ ሰዉ "ምሊማኒ" ይለዋል፤ ኮረብታው ላይ ማለት ነው። ስደርስ አንድም የኪስዋሂሊ ቃል አላውቅም፤ ግን ቋንቋው ቶሎ ዘመድ ሆነኝ። ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደ እኛው ከንጋት ይጀምራል፤ የጠዋት አንድ ሰዓት እዚያም አንድ ሰዓት ነው። "ሰባት" ሲሉ "ሳባ"፣ "ሒሳብ" ሲሉ "ሄሳቡ"፣ "ጠባይ" ሲሉ "ታቢያ" ይላሉ። ከዓረብኛ በኩል የገቡ ቃላት ስለበዙባቸው፣ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር በሥር የሚገናኘው ብዙ ነው። ጠባይና ታቢያ አንድ ሥር ያላቸው መሆናቸውን ሳውቅ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ሰላምታቸው ደግሞ ይብሱን ገረመኝ። ታናሽ ታላቁን ሲያገኝ "ሺካሞ" ይላል፤ የቃሉ መነሻ "እግርህን እይዛለሁ" ማለት ነው ይባላል። ታላቁ "ማራሃባ" ብሎ ይቀበላል። ጉልበት ስሞ ላደገ ልጅ ይህ ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል? "ፖሌ" የሚሉትም ቃል አለ። አንድ ቀን ቧንቧ ላይ የሞላሁት ባልዲ ተገልብጦብኝ አንድ መንገደኛ "ፖሌ" ብሎኝ አለፈ። "ይቅርታ" ያለኝ መስሎኝ ምን አጠፋ ብዬ ዞሬ አየሁት። በኋላ ነው የገባኝ፤ እናቶቻችን ሰው ሲደናቀፍ "እኔን!" እንደሚሉት ነው። ጥፋቱ የሌላ ቢሆንም ሕመሙን መካፈል ነው።

ወደ ሦስቱ ቃላት ልመለስ። ጥቅምት 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ጁሊየስ ኔሬሬ ለንደን ውስጥ በሕክምና ላይ ሳሉ አረፉ። ኔሬሬን ለወጣቶቹ ላስተዋውቅ፦ የታንዛኒያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተገኙት መሪዎች አንዱ፤ ዛሬ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ የሰላምና የደኅንነት ሕንፃው በስማቸው ይጠራል። ሕዝባቸው የሚጠራቸው "ክቡር ፕሬዚዳንት" ብሎ ሳይሆን "ምዋሊሙ" ብሎ ነበር፤ አስተማሪ ማለት ነው። ከፖለቲካ በፊት ሥራቸው እሱ ነበር። ሥልጣን ላይ ሳሉ የሼክስፒርን "ጁሊየስ ቄሳር" ወደ ኪስዋሂሊ ተርጉመው በ1963 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ገዢ ስለሚገደልበት ተውኔት ገዢ ሆነው ሳለ ሌሊት ቁጭ ብለው ሲተረጉሙ ምን ያስቡ እንደነበር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አስከሬናቸው አገር ሲገባ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞላ። እኔም ከጎረቤቴ ጋር ቆሜ ነበር። ጎረቤቴ አረጋዊት ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቢቢ" ይላቸዋል፤ አያት እንደ ማለት ነው። ፀሐዩ ከባድ ነበር። "ቢቢ፣ ይቀመጡ እንጂ" አልኳቸው። አልተቀመጡም። "ምዋናንጉ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ይህ ሰው ቼዎ ኒ ዳማና ብሎ አስምሎን ነበር። እሱ ራሱ ስላከበረው ነው የቆምሁለት።"

ቼዎ ማዕረግ፣ ሹመት ማለት ነው። የታኑ ፓርቲ አባላት ከሚገቧቸው ቃል ኪዳኖች አንዱ ይህ ነበር፤ ቀጥሎም ሹመቴን ለግል ጥቅሜ አላውልም የሚል ይከተለዋል። ቃል ብቻም አልነበረም። በ1967 እ.ኤ.አ. የአሩሻ መግለጫ ሲወጣ መሪ የሆነ ሰው ሁለት ደመወዝ እንዳይበላ፣ በኩባንያ ውስጥ አክሲዮን እንዳይኖረው፣ ቤት እንዳያከራይ ተደነገገ። እኔን የሚገርመኝ ቤት ማከራየቱ ነው። እስኪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው ይህ ሕግ ቢወጣ ስንቶቻችን እንተርፋለን? ሳቁ ደህና ነው፣ እኔም አልተርፍም።

ታዲያ "ዳማና" ምንድን ነው? ሰሌዳው ላይ ከጻፍሁ በኋላ ለተማሪዎቹ ሁለት ትርጉም ሰጠኋቸው። አንደኛው አደራ። ሁለተኛው ፍርድ ቤት የሚሠራበት ነው፤ ተከሳሽ በዋስ ሲወጣ በዳማና ወጣ ይባላል። "የቱ ይሻላል? ሹመት አደራ ነው ወይስ ሹመት ዋስትና ነው?" አልኳቸው። ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈለግሁም። የሕግ ተማሪዋ ተነሥታ ዋስትና ይሻላል አለች፤ በዋስ የወጣ ሰው ነጻ የወጣ ይመስለዋል እንጂ ቀጠሮ አለው፣ ካልቀረበ ያስያዘው ይወረሳል፤ ሹምም እንዲሁ። ሌላው የለም፣ አደራ ይከብዳል፣ በአደራ መካከል ዳኛ የለም፣ ሰውዬውና ኅሊናው ብቻ ናቸው አለ። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብላ አንዲት ልጅ ጨመረች።

ከዚያ ያ የኋላ ረድፍ ልጅ እጁን አወጣ። ሌላ ቀልድ ሊያመጣ ነው ብዬ ፈራሁ። "እኛ አደራውን ለሚያጠፋ ሰው 'አደራ በላ' እንላለን" አለ። "ባለፈው የተረትሁት 'ያልበላ' እና ይሄ 'በላ' አንድ ግስ ናቸው። ሲሾም የሚበላው እንግዲህ እንጀራ አይደለም፤ አደራውን ነው።" በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ይህን እኔ አላስተማርሁትም። አንድ የውጭ ቃል መጥቶ የገዛ ቋንቋውን እንደ አዲስ አሰማው እንጂ። ኪስዋሂሊውን የምጠቀምበት ለዚህ ነው፤ ወጣቱ ቃሉን አስቀድሞ አልሰለቸውም፣ ማንም በቃሉ አልዋሸውም፤ ስለዚህ ይመረምረዋል፣ መርምሮም ወደ ራሱ ቃል ይመለሳል።

ከዚያ ወዲህ በየውይይቱ አንድ ቃል እናነሣለን። "ኪዮንጎዚ" መሪ ነው፤ ከመምራት ግስ የወጣ ሲሆን ከዚያው ሥር "ኩኦንጎዛና" አለ፣ ተያይዞ አብሮ መሄድ። የሰዋስው ነገር ደግሞ አለ፦ በኪስዋሂሊ ስሞች በቡድን ይከፈላሉ። ገዢ፣ "ምታዋላ"፣ የሚገባው ከሰዎች ቡድን ነው። ኪዮንጎዚ ግን ከወንበርና ከቢላዋ፣ ከ"ኪቲ" እና ከ"ኪሱ" ጋር፣ ከዕቃዎቹ ቡድን ይሰለፋል። "ኪጃና"ም እዚያው ነው፤ ወጣት ማለት ነው። መሪም ወጣትም ሰው የሚገለገልባቸው ዕቃዎች ናቸው ብዬ ስቀልድ አንድ ተማሪ "በአማርኛም እኮ የመኪናው መሪ ዕቃ ነው" አለኝ። የቋንቋ መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝ፤ ዓይነ ስውር፣ "ኪፖፉ"ም በዚያው ቡድን ስላለ ክርክሬ ብዙ አይሄድም።

"ኩጂቶሌአ" የሚለውን ግን ሳልናገር አላልፍም። በጎ ፈቃደኝነት ብለን የምንተረጉመው ነው፤ ቃሉ ሲፈታ ራስን ለሌላ አውጥቶ መስጠት ነው። ተማሪዎቹ በዚህ ቃል ላይ ተቆጡ። በጎ ፈቃድ ለእነሱ ቲሸርት ለብሶ ፎቶ መነሣት ሆኖባቸዋል፤ ለምስክር ወረቀት ሲባል የሚሠራ ነገር። "ታዲያ ራሳችሁን ያወጣችሁበት ጊዜ አለ?" ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ስትታመም ሁለት ወር ምግብ እንዳመላለሰችላት፣ ለማንም ግን እንዳልተናገረች ነገረችን። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ንግግር እሱ ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ የታሪክ መምህራችን የጠየቁኝን ላንሣ፣ ትክክል ስለሆኑ። "ኡጃማም እኮ ቆንጆ ቃል ነበር" አሉኝ። እውነት ነው። ቤተሰባዊነት ማለት ነው። ነገር ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች ሳይወዱ ከቤታቸው ተነሥተው ወደ መንደር የተሰበሰቡት በዚሁ ቃል ስም ነው። እኛም በደርግ ጊዜ የመንደር ምሥረታን አይተናል፤ "ጓድ" የሚለው ቃል በአፋችን እንዴት እንደ መረረ እናውቃለን። እነሱም "ንዱጉ"፣ ወንድም፣ ይሉ ነበር። የአሩሻው የመሪዎች ደንብም በ1991 እ.ኤ.አ. ዛንዚባር ላይ ላልቷል። ይህን ለተማሪዎቹ አልደበቅሁም። አንድ ውይይት ሙሉውን የወሰድነው ቃል እንዴት ጅራፍ እንደሚሆን በመነጋገር ነው። ኔሬሬ በ1985 እ.ኤ.አ. በገዛ ፈቃዳቸው ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ፤ የወረዱትም ብዙ ያልተሳካላቸውን ነገር ትተው ነው። ሁለቱንም መያዝ አለብን።

ኪስዋሂሊ ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗል፤ ስብሰባው የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለመምህራኖቻችን ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው፦ የቅዳሜዋን ክፍል ቁልፍ አትንፈጉን። ለቀድሞ ተማሪዎችም፦ ስብከት ይዛችሁ አትምጡ፤ ከኖራችሁበት አገር አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ። ከዓረብ አገር፣ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን የመጣችሁ አላችሁ። አንድ ቃል፣ እና በዚያ ቃል ያፈራችሁበትን አንድ ነገር።

የማፈሩን ድርሻ እኔ ልጀምር። ለተማሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ ለእናንተ ግን አልነገርሁም።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የምግብ ቤት ኮሚቴ አባል ነበርሁ። መርጣችሁኝ ነው። ሹመቴ ሰልፍ አለመያዝ ነበር። ሳህኔ ወጥ ቤት ውስጥ ተከድኖ ይቆየኛል፣ በፈለግሁት ሰዓት ገብቼ እበላለሁ። አንድ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ የክፍላችን ልጅ መጣ። ወባ አሞት ሙሉ ቀን ተኝቶ ውሏል፤ ፊቱ ነጥቷል። "የተረፈ ነገር ካለ" አለኝ። "ሰዓት አልፏል፣ ደንብ ነው" አልኩት። የእኔ ሳህን በዚያች ሰዓት ከበሩ ጀርባ ተከድኖ ነበር። እሱ ሄደ፣ እኔ ገብቼ በላሁ። ጥሩ እራት ነበር፤ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ያ ልጅ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ዛሬ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ወንድሜ፣ ምሳው በቡፌ እንደሆነ ነግረውኛል፣ ሰልፍ ይኖራል ማለት ነው። ቦታ ይዤልህ እቆማለሁ፤ ስትመጣ ከፊቴ ግባ።