ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ፍርሃት



ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1982 ባዘጋጀው «ዘ ቲንግ» ፊልም፣ አሜሪካውያኑ በአንታርክቲካ ከሚገኘው የኖርዌያውያን ጣቢያ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ፍርስራሽና አስከሬን ነበር። በዚያ የደረሰውን ለመተረክ ማታይስ ፋን ሃይኒንገን በ2011 በዚያው ስም የቀዳሚውን ታሪክ ፊልም አቀረበ። ተመልካቹ ፍጻሜውን ያውቀዋል፤ ተሰክቶ ለቀረው መጥረቢያ እንኳ ምክንያት ተፈልጎለታል። ይህንንስ ማን ጠየቀ?

ይሁንና አንድ ብርቱ ትዕይንት አለው። ሰው መስሎ የሚቀርበው ፍጡር ብረትን አስመስሎ መሥራት ስለማይችል፣ የሰዎቹ አፍ በእጅ ባትሪ ይመረመራል፤ በብረት የተሞላ ጥርስ የሌለው ሁሉ ይጠረጠራል። ጤነኛ ጥርስ ወንጀል ሆኖ ተገኘ።

ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። ባለሙያዎች በእጃቸው የሠሯቸው ፍጡራን ከተቀረጹ በኋላ፣ አብዛኞቹ በኮምፒዩተር ምስል ተሸፈኑ፤ የሥጋው ክብደት ከመጋረጃው ጠፋ። ከሠሪዎቹ አንዱ አሌክ ጊሊስ በ2015 «ሃርቢንጀር ዳውን» የተባለውን ፊልም በእጅ በተሠሩ ፍጡራን ራሱ አዘጋጀ።