በሰንጠረዥ ስለሚጻፍ የፕሮሰሰር ፍጥነትና ቮልቴጅ
(በወልድያ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ፣ የፕሮሰሰር ፍጥነትና ቮልቴጅ ለኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና እንዴት እንደሚገለጽለት ነው። ርእሱ ጠባብ ቢመስልም፣ በባትሪና በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስ ሁሉ የሚገናኘው ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ መሠረቱን ላስታውስ። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ በየሴኮንዱ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ዋናው ክፍል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ይመጣጠናል። ስለሆነም ከ1000 ሜጋ ኸርዝና ከ1.0 ቮልት ወደ 600 ሜጋ ኸርዝና ወደ 0.8 ቮልት ብናወርደው፣ ይህ ፍጆታ ወደ 38 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ፍጥነቱን ብቻ ብንቀንስ 60 በመቶ ላይ በቀረ ነበር፤ ያው ሥራ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድም፣ ለአንዱ ሥራ ከባትሪው የሚወጣው ድምር ባልቀነሰ ነበር። እንግዲህ እውነተኛው ቁጠባ የሚገኘው ከቮልቴጁ ነው።

ይሁን እንጂ ቮልቴጅን እንደ ልብ ማውረድ አይቻልም። እያንዳንዱ ፍጥነት የራሱ ዝቅተኛ ቮልቴጅ አለው፤ ከዚያ ከወረደ ትራንዚስተሮቹ በተመደበላቸው ቅጽበት ሥራቸውን አይጨርሱም። በዚህ ምክንያት ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና፣ «ዲቫይስ ትሪ» በሚባለው የመሣሪያ መግለጫ ውስጥ ሁለቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ ፍጥነቱ በኸርዝ፣ ቮልቴጁ በማይክሮ ቮልት። ፍጥነት ሲጨመር አስቀድሞ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ሲቀነስ ደግሞ አስቀድሞ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል። በየጊዜው የሚያስፈልገውን ፍጥነት የሚመርጠው «ገቨርነር» የተባለው ክፍል ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሊኑክስ 4.7 ጋር የወጣው «ሼድዩቲል» ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሥርዓተ ክወናው የጻፍንለትን ያምናል እንጂ፣ ቮልቴጁ ለፕሮሰሰሩ ይበቃ እንደሆነ አይመረምርም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሀብሩ፣ በመርሳ አጠገብ፣ የመስኖ ቦይ የውሃ ከፍታ የምትመዘግብ ትንሽ ኮምፒዩተር ተክዬ ነበር። ባትሪዋ ሌሊቱን አልዘልቅ ቢላት፣ ለ600 ሜጋ ኸርዝ የተጻፈውን 950000 ማይክሮ ቮልት ሰርዤ 850000 ጻፍሁ። ወልድያ ጠረጴዛዬ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈተንኋት፤ ሠራች። ሰንብቼ መርሳ ስወርድ የውሃ አባቱ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ትናንት ቦዩ እስከ አፉ ሞልቶ ነው ያደረው፤ ያንተ መዝገብ ግን ደረቅ ነበር ይላል። ማንን እንመን?» አሉኝ። መሣሪያዋ ብትቆም ኖሮ ባወቅን ነበር፤ እርሷ ግን እየሠራች ትሳሳት ነበር። የቀድሞውን ቁጥር ስመልስ ስሕተቱ ጠፋ። የውሃ ተራ በዚያ መዝገብ እንዲደለደል ታስቦ ስለነበር፣ እኔ በቀነስኋት አንድ አሥረኛ ቮልት የአንድ ገበሬ ተራ ሊዘለል ይችል ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ የሰንጠረዡ ቁጥሮች አምራቹ ለዚያው ፕሮሰሰር ከሰጠው ሰነድ ይወሰዱ እንጂ፣ ከሚመስለው መሣሪያ አይገልበጡ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ፕሮሰሰሮች እንኳ እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ፣ አምራቹ በሰነዱ ላይ መጠባበቂያ ይተዋል፤ ያም ትርፍ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ባትሪ መቆጠብ ካስፈለገ ከፍተኛው ፍጥነት ይገደብ፤ ዝቅተኛው ጥንድ ከነሙሉ ቮልቴጁ ይቆይ። ሦስተኛ፣ ፈተናው መልሱ አስቀድሞ በታወቀ ስሌት፣ ለረጅም ሰዓት፣ መሣሪያው በሚውልበት ቦታ ይደረግ። የወልድያ ጠረጴዛ የመርሳን የቀትር ሙቀት አያውቅም።

የውሃ አባቱ «ማንን እንመን?» ሲሉ የጠየቁት መሣሪያዋን አልነበረም። ጥያቄው ለጻፈው ሰው ነበር፤ መልሱም የእኛ ነው።