ንባብን የማይተካው መሣሪያ



የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ትምህርት አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ድካሙ ይቀልለታል፤ ዓላማው ግን እንደገና ይጠየቃል። ለዚህም የግእዝ መጻሕፍት ጥናት ጥሩ ምስክር ነው።

ቀድሞ አንድ ተመራማሪ የአንድን ድርሰት ቅጂዎች ለማመሳከር ከገዳም ወደ ገዳም መጓዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትም ተነሡ። ቅጂያቸው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ዛሬም ብዙዎቹ በኮምፒዩተር ይታያሉ። ይሁንና ፊልሙ መጽሐፉን አቀረበ እንጂ አላነበበውም። የድርሰቱን ማንነት ለይተው፣ የጸሐፊውን ስሕተት ነቅሰው ካታሎጉን ያዘጋጁት እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ናቸው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ግን ከቀደሙት ይለያሉ። የቀደሙት መጽሐፉን ያቀርቡ ነበር፤ እነዚህ ያልተነበበውን መጽሐፍ መልስ ያቀርባሉ። በመሆኑም በቤት የተጻፈ ድርሰት ተማሪው ለማንበቡ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። ከዚህም በላይ መሣሪያዎቹ የሠለጠኑበት የአማርኛና የግእዝ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ስሕተታቸውን በሙሉ ልብ ይናገራሉ። አንባቢ ከጠፋ ስሕተቱን ማን ያርመዋል?

መፍትሔው በከፊል ከጥንቱ የቅኔ ቤት ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ ሰሙ ከወርቁ እንዴት እንደተገናኘ ይጠይቀዋል፤ የጎደለውንም ያቀናለታል። በማግሥቱ የትናንቱ አይደገምም፤ አዲስ ይቆጠራል። የሌላውን ቅኔ ይዞ የቀረበ ሲጠየቅ ይጋለጣል። የሚመዘነው በእጅ የተያዘው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተማሪው ልቡና ነው።

ይህን ሥርዓት ወደ ዩኒቨርሲቲ ማምጣት ቀላል አይደለም። መቶ ተማሪ የያዘ መምህር ሁሉንም በቃል ለመጠየቅ ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ የድርሰቶቹን ቍጥር ቀንሶ በእያንዳንዱ ላይ አጭር የቃል ጥያቄ ማድረግ ይሻላል። መሣሪያውንም ከመከልከል ይልቅ በክፍል ውስጥ መመርመር ይበጃል፤ ተማሪዎች የአንድን ብራና ምስል ከፊታቸው አድርገው፣ መሣሪያው የሰጠውን ንባብ ቃል በቃል ያመሳክሩ፤ የሳተበትንም ምክንያት ያስረዱ።

እንዲህ ከሆነ መሣሪያው ለመምህሩ ረዳት፣ ለተማሪው መፈተኛ ይሆናል። ካልሆነ ግን መጻሕፍቱ በየኮምፒዩተሩ ሞልተው፣ የሚያነባቸው ትውልድ ሊታጣ ይችላል። ከዚህ ጥፋት የሚጠብቀው ዛሬም ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይህን ለምን እንዲህ አልህ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ነው።